ከበሮ የዋጠው ጅብና የጫልቱ ማንኪያ

ልጅ ሳለሁ በእህቴ በጫልቱ የቀናሁት በመልኳ አልነበረም፤ መልክ እኔም አላነሰኝም። የቀናሁት ሆዷ ላይ ባለው ስፌት ነው።

ያኔ እኔ ዘጠኝ፣ እሷ ሰባት ዓመታችን ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ቦሌ ቡልቡላ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ግን ያኔም ጣሪያችንን ሊነኩ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው እያጓሩ ያልፉ ነበር። ማታ ማታ የኩበቱ ጭስ ቤቱን ሞልቶ ዓይናችንን ሲያስለቅሰን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አባባ ቱሉ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ከፍሙ ቅላት በቀር የሚለዩት ነገር አልነበረም፤ ሰውን የሚያውቁት በድምፁ፣ ምሽቱን የሚለኩት በአውሮፕላኑ ነበር። አውሮፕላን ሲመጣ ተረቱን ያቆማሉ፣ ሲያልፍ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከቀኝ ጉልበታቸው ስር ያለው ቦታ የእኔ ነበር። ማንም አልሰጠኝም፤ ቀድሜ ይዤው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ጫልቱ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጠቀለለች። አረንጓዴ ውሃ ያስመልሳት ጀመር፤ ሆዷ ተነፋ። ከተማ ሆስፒታል ሲያደርሷት አንጀቷ ተጠማዝዟል ተባለና በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ተደረገች። አለቀስኩ፤ ይህን አልክድም። እንባዬ ግን በአራተኛው ቀን ደረቀ።

አራተኛው ቀን እሑድ ነበርና ልንጠይቃት ሄድን። ክፍሉ ታፍኗል፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ የበሩ ስር በአባባ ቱሉ ጋቢ ተወትፏል፣ ሌሎቹ በሽተኞች ያጉረመርማሉ። ለካ ነርሷ ጠዋት «ነፋስ እስኪወጣላት ድረስ በአፏ ምንም እንዳትሰጧት» ብላ ኖሯል። አባባ ቱሉ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ነፋስ የሚያውቁት ሰውን የሚመታ፣ በሽተኛ ላይ የሚገባ ነገር አድርገው ነው። ስለዚህ የገባው እስኪወጣ ሌላ እንዳይጨመርበት በሩንም መስኮቱንም ደፍነው ይጠብቃሉ።

ነርሷ ገብታ «አባባ፣ ሰዉን በሙቀት ሊፈጁት ነው እንዴ?» አለች።

«ነፋስ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ይኸው እጠብቃለሁ።»

«የሆድ ነፋስ ነው ያልኩት! ፈስ፣ አባባ! አንጀቷ ሥራ መጀመሩ የሚታወቀው ስትፈሳ ነው!»

አባባ ቱሉ ጋቢያቸውን ከበሩ ስር አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ይኼኔ ጫልቱ፣ ስሟ የተጠራ ይመስል፣ ከብርድ ልብሱ ስር አንዲት ቀጭን ድምፅ አሰማች። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከጎን አልጋ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት። አባባ ቱሉ ተነስተው መረቁ። እኔ ከአንድ ወር በፊት እንግዳ ፊት ለዚያችው ጥፋት በጥፊ ተመትቻለሁ፤ የእኔ ደግሞ የዚያን እጥፍ ድምፅ ነበረው።

ቤት ስትመለስ ከቀኝ ጉልበታቸው ስር ያለው ቦታ የእሷ ሆነ። ሐኪሙ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ትብላ፤ በርበሬ፣ ጥሬ፣ ቆሎ አትቅመስ ብሎ አዟል። መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት፣ ሰንበት ሲል ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል፣ ከዚያም የዶሮ መረቅ። እኛ ቤት ዶሮ ለፋሲካ እንጂ ለሰው ታርዶ አያውቅም ነበር። እሷ ግን አንዴ ጎርሳ ፊቷን ታዞራለች። አባባ ቱሉ ታዲያ ዘዴ አመጡ፤ ተረቱን በማንኪያ ይሰፍሩት ጀመር። ማንኪያው ሳህኑን ኳ ሲያደርግ፣ ጉሮሮዋ ሲውጥ ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ፤ ሳይሰሙ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ተረቱ ከበሮ ስለዋጠ ጅብ ነበር። ቆዳው አስጎምጅቶት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሙሉ ከበሮ የዋጠ ጅብ፣ በተራመደ ቁጥር ሆዱ ድም፣ ድም ይላል። ሊያደባ ሲሄድ አገሩ ሁሉ ሰምቶ ይሸሻል፤ በረሃብ ሊሞት ሲደርስ ከበሮውን አውጡልኝ እያለ ከአውሬ አውሬ ይዞራል። እንዲህ ያለ ተረት ለእኔ ተነግሮኝ አያውቅም። ለጤነኛ የሚነገረው አጭር አጭሩ ነበር።

ጫልቱ ሁልጊዜ የመጨረሻዋን ማንኪያ ትተዋት ነበር። አባባም «እንግዲህ የቀረው ለነገ» ብለው ይነሳሉ። ቅብጠት መሰለኝና አናደደኝ፤ ያቺን የተረፈች ማንኪያ መብላት ጀመርኩ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አውሮፕላኑን አሰብኩ። አውሮፕላን ሲያጓራ ሳህኑን ወደ ራሴ እስባለሁ፤ ሲያልፍ ኳ የሚያደርገው ማንኪያ፣ የሚውጠው ጉሮሮ የእኔ ይሆናል። ኩራዙ እኛ ላይ ቢያበራም ለአባባ ምንም አልነገራቸውም። ጫልቱም አልተቃወመችም፤ ምግቡ ያቅለሸልሻታል፣ ተረቱ ግን እንዲቀርባት አትፈልግም። እሷ ጆሮ፣ እኔ አፍ ሆነን ሁለት ሳምንት ሄድን።

ጅቡ ከጃርቷ ዘንድ ደረሰ። ጃርቷም «በእሾሄ ሆድህን ከፍቼ አወጣልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» ብላ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። እዚያ ላይ ተያዝን።

የያዘን ቁስሏን የሚያጥብላት ድሬሰር ነው። ስፌቱ አልገጥም ብሎ እዥ ይዟል፤ ጫልቱ ያለ ድጋፍ መቆም አቅቷታል። «ምንድን ነው የምትበላው?» አለ። እናቴ እንቁላሉን፣ መረቁን፣ አጥሚቱን አንድ በአንድ ነገረችው። ሰውየው የጫልቱን ክንድ በሁለት ጣቱ ዙሪያውን ያዘው። ቀጥሎ በር ላይ የቆምኩትን እኔን አየ፤ ጉንጬን አየ።

«እናት፣» አለ፣ «እንቁላሉ ሰው ተሳስቷል። ቁስል የሚገጥመው በምግብ ነው እኮ። ይቺ ልጅ በዚህ ከቀጠለች አትተርፍም።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ እኔ አጥሚት ብቻ የበላሁ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ልብሴን ቋጥራ ወሎ ሰፈር አክስቴ ጋ ላከችኝ። አባባ ቱሉ ምድጃው ዳር እንደተቀመጡ «አያንቱ፣» አሉኝ፣ «ዓይኔ ሲጠፋ አላለቀስኩም። ዛሬ ግን ጆሮዬ ዋሸኝ።»

ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ጫልቱ ትሮጣለች። ተረቱም አልቋል። አባባን ብለምናቸው «የበላችውን ጠይቂ» አሉኝ፤ በዓመቱ አረፉ። ጫልቱን ብለምናት «እኔ በልቼ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

አርባ ዓመት አለፈ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ራሴን በራሴ አስተምሬ ያገኘሁትን የተረት መጽሐፍ ሁሉ ያነበብኩት፣ እውነቱን ልናገርና፣ ያንን ጅብ ፍለጋ ነው። የለም። ጃርቷ የጠየቀችው ነገር ያለው አንዲት ሴት ዘንድ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ሳሊተ ምሕረት ቤት ሠርታ ልጆቿን በዚያ ተረት አሳድጋለች፤ ልጆቹን ለብቻቸው ይዤ ብጠይቅ «እማዬ ለአክስቴ እንዳትናገሩ ብላናለች» ይሉኛል።

ዘንድሮ የእኔ አንጀት ተራውን ተጠማዘዘ። ጫልቱ «በዚህም ኮረጅሽኝ!» አለች። ዛሬ ሐኪሞቹ እንደ ያኔው ብዙ አያስጠብቁም፤ በማግስቱ ፉት አስባሉኝ። ቢሆንም ልጄ የሚሆን ዶክተር በየጠዋቱ አልጋዬ ስር ቆሞ «ማዘር፣ ጋዝ ወጣ?» ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ወጣ። አጠገቤ የነበረችው ጫልቱ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ክፍሉ እንዳይሰማ ቀስ ብላ፣ እልል አለችልኝ። ስስቅ ስፌቴ አመመኝ፤ ከዚያ ማልቀስ መጣ።

ቤት ስገባ ከሳሊተ ምሕረት ቡልቡላ ድረስ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ መጣች። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ያኔ አባባ አጠገቡ ይቀመጡ የነበረውን ምድጃ ከእነዚህ ሕንፃዎች የትኛው እንደዋጠው አላውቅም። ያኔ ጉንጬን የሞላው አጥሚት አሁን አልዋጥ አለኝ።

«ጉረሺ።»

«ያቅለሸልሸኛል። ውሰጂልኝ።»

«ቁስል የሚገጥመው በምግብ ነው፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።»

«ስደቢኝ። አልበላም።»

አጥሚቱን በማንኪያው አማሰለች። ከዚያ «ጅቡ ከጃርቷ ዘንድ ደርሷል» አለች። አፌን ከፈትኩ።

ከመጀመሪያው ጀምራ በማንኪያ ሰፈረችልኝ። አውሮፕላን ሲያልፍ ታቆማለች፤ የአባባን ጉሮሮ ጠረግ ማድረግ እንኳ ወርሳዋለች፣ በዚህም ቀናሁ። ጃርቷ ወደ ጅቡ ጆሮ ጠጋ ስትል ሳህኑ ላይ አንድ ማንኪያ ቀረ። ጫልቱ ሞልታ አፌ ድረስ አምጥታ ጠበቀችኝ።

ያቺን ማንኪያ አየኋት። ከዋጥኳት ጃርቷ ትናገራለች። ጃርቷ ከተናገረች ጫልቱ ፔርሙሷን ከድና ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፤ ነገ የምትመጣበት ነገር አይኖርም። ያኔ ቅብጠት የመሰለኝ ነገር ምን እንደነበር ገባኝ። በሰባት ዓመቷ ከእኔ ቀድማ ማወቋ ደግሞ እንደ አዲስ አስቀናኝ። ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ ፍም፣ ከዚያ ሁሉ ምሽት ለእኔ የቀረኝ ቅናቱ ነው፤ ፍቅሩም ምናልባት እዚያው ውስጥ ነው ያለው፣ ለይቼው አላውቅም።

«ጠገብኩ» አልኳት። «የቀረው ለነገ።»

ጫልቱ ሳህኑን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ጣልኩ። ማንኪያው ሳህኑን ኳ አደረገ፤ ጉሮሮ ሲውጥ ተሰማኝ።

አልተናገርኳትም። ሁለት ማንኪያ የጀመረች ቀን ግን እናገራለሁ።