የወንፈል ቀን የመነንኩ ዕለት

የዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት፣ የሰው ማሳ ላይ መዋል ሲገባኝ ጫካ ገብቼ መመነኔ ነው። ያውም ጋቢ ለብሼ፣ ሬዲዮና አንድ እሽግ ብስኩት ይዤ።

ጥፋቱን በህንዳዊው ባልደረባዬ ባሳብብ ደስ ባለኝ። ክልሉ ገና ተቋቁሞ አሶሳ ውስጥ ከወንበሩ ሹሙ በበዛበት ዘመን፣ አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ታሪክ። የጥንት ሂንዱዎችን ላስተምር ብል መጽሐፉ ሁለት መስመር ብቻ ይላል። እሱን ጠየቅኩት።

«በድሮው ሥርዓት ሰው አራት መደብ ነው» አለኝ። «ካህናትና ሊቃውንት፣ ገዢና ተዋጊ፣ ገበሬና ነጋዴ፣ ከዚያ አገልጋይ።»

«እኔስ?» አልኩት፣ ሊቅ እንዲለኝ ጠመኔዬን ከፍ አድርጌ።

«ፈተና ሳያርም ወር ለሚያስቆጥር ሰው መደብ አልተሠራለትም።»

ከአራቱም ውጭ ተብለው ከመንደሩ ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ የተከለከሉ ሰዎች እንደነበሩ ሲነግረኝ ግን አልሳቀም። እኔም የሸክላ ሠሪ ልጅ ላለማግባት መንገድ የሚቀይሩትን ዘመዶቼን አሰብኩ።

ዕድሜም አራት ደረጃ አለው አለኝ፦ ተማሪ፣ አባወራ፣ ጫካ ገቢ፣ በመጨረሻም ሁሉን የተወ መናኝ። ቆዳህ ሲሸበሸብ፣ ፀጉርህ ሲሸብት፣ የልጅ ልጅ ስታይ ጫካ ትገባለህ። ሽበቱም የልጅ ልጁም ነበረኝ፤ ፊቴማ ከተማሪነቴ ጀምሮ የተሸበሸበ ነው። የቀረውን ትምህርት ሳልሰማ ተነሣሁ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ለባለቤቴ «ዓለምን ትቼ መሄዴ ነው» ብላት «ስትመለስ ቲማቲም ይዘህ ና» አለችኝ።

ከከተማው ጀርባ ካለው የቀርከሃ ጫካ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብስኩቱ አለቀ፤ ጉንዳኖች መጡ። ቀርከሃ ሊቆርጡ የመጡ አንድ የበርታ ሽማግሌ አዩኝ።

«ሰላም አሌኩም። ጠፋህ?»

«ኧረ አልጠፋሁም አባባ፣ መንኜ ነው።»

ሬዲዮውን አዩት። «ሚስትህ አባረረህ?» ሴቱንም በወንድ በሚጠራው አማርኛቸው ቀጠሉና፣ «የሰፈራው ሴትዮ ማሳው ላይ ብቻውን ነው። መምህር ቀረ፣ መምህር ቀረ ይላል።»

ለካስ ቀኑን ረስቼው ኖሯል። ሴትዮዋ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት የጓሮ በቆሎዬን ቀኑን ሙሉ ስታርምልኝ ውላለች። ወንፈል ደግሞ የሚመለሰው ለአንድ ሙሉ ቀን አንድ ሙሉ ቀን ነው፤ የኔ ተራ ያን ዕለት ነበር። ማሽላዋን አረም ውጦታል። ዝናቡ ሳይጠነክር ካልታረመ መሬቱ ጭቃ ይሆናል፣ የዓመት ቀለቧም እዚያው ይቀራል።

ጋቢዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ።

«አያ መምህር» አለች ቀና ብላ፣ «ጋቢው አረሙን በረደው ብለው ነው?»

«እታለም፣ መንኜ ነበር።»

«ደግ አደረጉ ወላሂ! ግን የሰው ቀን ይዘው የት ይመነናል?»

ሁለታችንም አጎነበስን። እሷ ሦስት መስመር ስትጨርስ እኔ አንድ፤ እሱንም ማሽላውን ከአረሙ ቀላቅዬ እየነቀልኩ። «ኧረ እሱ እህል ነው! ይብሉት እንጂ አይንቀሉት!» ትለኛለች። የመጨረሻዋን መስመር ስናገባድድ ዝናቡ ወረደ። ማሽላዋ ተረፈ። የኔ መዳፍ ግን እንደ ዳቦ ተነፋ።

ሰኞ ለህንዱ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ ሳቀ። «ዋናውን ሳትሰማ ሮጥክ! ለአማልክት፣ ለአባቶች፣ ለመምህራን ያለበትን ሳይከፍል ማንም ጫካ አይገባም።»

«ለጎረቤትስ?»

«ላንተ ሲባል ይጨመርበታል።»

እሷ ሙሉ ቀን ነበር የሰጠችኝ፤ እኔ የደረስኩት ከቀትር በኋላ ነው። በየክረምቱ ወገቤን እያሳበብኩ አልፋለሁ። ዛሬም ገበያ ስታገኘኝ በሰላምታ ፈንታ ፀሐይዋን በጣቷ ታሳየኛለች፤ ከመውጫዋ እስከ አናታችን። ግማሽ ቀን አለብኝ።