የይሉኝታ ሳቅ

ባሌ ሰው የሚያስቀው ለቅሶ ቤት ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ሐበሻ ሰው ሲሞትበት፣ ከቀብር መልስ ሐዘንተኛውን የሚያጫውት ሰው ይፈለጋል፤ ያኔ የሱ ስልክ ይጮኻል። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲጭን የዋለው ሰውዬ ጥግ ይዞ ይቆይና ብድግ ብሎ እንደ አለቃው፣ እንደ ሱፐርቫይዘሩ እየተንጎራደደ፣ እየተቆጣ ማውራት ይጀምራል። እህል አልቀምስም ያለችው እናት እንባዋን ሳትጠርግ ትስቃለች።

ኮሮና ገብቶ ለቅሶው ሁሉ በስልክ ሲሆን ግን ጨዋታው ሥራ ፈታ። «ይሄን ነገር ቢዝነስ እናድርገው፤ እኔም ከመጋዘን ልገላገል» አለኝ። ምኞቱ ኖርዝላንድ ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ መጋረጃ ያለው መድረክ ላይ መቆም ነበር። እኔ ደግሞ በኦንላይን የቢዝነስ ኮርስ ጀምሬያለሁ። ትምህርቱ ባጭሩ፣ በትልቁ አትነሺ፣ ትንሿን ሠርተሽ አሳዪ፣ ከተመልካቹ ተማሪ፣ አስተካክለሽ ድገሚ የሚል ነው።

«አዳራሹ ይቆይ፤ መጀመሪያ በአጭር ቪዲዮ ቴስት እናድርገው» አልኩት።

ሞርስ ሮድ ላይ ካለ ግሮሰሪ ፓርኪንግ፣ መኪናችን ውስጥ ቀረጽኩት። ለምናውቀው ሰው ሁሉ ልከን አስተያየት ጠየቅን። «በጣም ቆንጆ ነው!» «በርቱ!» «እግዜር ይባርካችሁ!» ልጃችን ብቻ «ዳዲ፣ ኢትስ ኖት ፈኒ፤ አያስቅም» ብላ ክፍሏ ገባች። የልጅ ነገር ብለን ተውናት። ትኬት አዘጋጅተን በዙም ስናቀርብ ግን ከመራቂዎቹ አንድም ብቅ ያለ አልነበረም።

በግኜ ነበር። ኮርሱን ያዘጋጁት ፈረንጆች ይሉኝታን የት ያውቁታል? እንግዳን «ወጡ ጣፈጠ ወይ?» ብትለው፣ ጨው ባይገባበትም ይጣፍጣል።

እሱ ግን አይቆጣም። ከየሙከራው በኋላ መነጽሩን በሸሚዙ እየወለወለ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» ይለኛል። አሳጠርነው። ሱፐርቫይዘሩን ትተን የቤት አከራይ አደረግነው። ያም አልሆነ። «እሺ፣ ቀጥሎስ?»

አንድ ቀን ካሜራውን እያየ ጨዋታውን በመሃል አቋረጠ። «ፊት ሳላይ አልችልም» አለኝ። «ለቅሶ ቤት እኮ ያዘነው ፊት ነው የሚመራኝ።»

ይህን ያህል ለፍተን የተማርነው ያንን ነበር። ሰው ፊት መቆም አለበት፤ አዳራሹ ልክ ነበር። ኮሮናው ረገብ ሲል አንድ ትንሽ አዳራሽ ያዝንለት፤ ጥቁር ኮቱንም አስጠበበ። ቀኑ ሳይደርስ መጋዘኑ ውስጥ ልቡ ቀጥ አለ።

አዳራሹን እንዲሞላለት የፈለግኩት ሰው ቤታችንን ሞላው። በሦስተኛው ቀን፣ ጨዋታ በሚጀመርበት ሰዓት፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። የሚያጫውተን የለም። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ልጄን «እስቲ ያንን የአባትሽን ቪዲዮ ክፈቺልን» አሏት። ስልኩን ቴሌቪዥኑ ላይ አገናኘችው።

ሳቁ። መጀመሪያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው፣ ኋላ ጮክ ብለው፣ እያለቀሱ ሳቁ። የሞተ ሰው አይቀየምም፤ ይሉኝታ የሚይዛቸው ነገር አልነበረም። ልጄም ሶፋው ላይ ተጣጥፋ ሳቀች።

እኔ ልማድ ሆኖብኝ ማን እንደሳቀ፣ የቱ ጋ እንደሳቀ ፊታቸውን አያለሁ። ሠርቷል አልኩ በልቤ። ከዚያ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» እስኪለኝ ጠበቅኩ።