ከካራቫኑ ያወረድኩት ቆጮ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ማህሌት መጣች። ከባሏ ጋር ካራቫን የሚሉትን መኝታ ያለው መኪና ተከራይተው፣ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ሊወርዱ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ በዚያ መንገድ በካራቫን ሄደዋል አሉ፤ ምን ምን ልያዝ?» ብላ ስልኳ ላይ ልትጽፍ ተዘጋጀች። ጉልበቴ ካስቸገረኝ ወዲህ ስለ መንገድ ማውራት ራሱ ያደክመኛል። ቢሆንም ነገርኳት። ከባድ ዕቃ ከታች ይቀመጥ። የውሃውን በርሜል እስከ አፉ አትሙሉት። ወረቀታችሁ ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ግቢያችሁ ውስጥ እደሩበት፤ የጎደለው ያኔ ይታወቃል። «ሌላስ?» ስትለኝ ያ ቆጮ ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ ቦሌ ውስጥ የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበርኩ። የሥራ ውሉ ሲያልቅ ከሚስቱ ጋር በካራቫን ናይሮቢ ድረስ ሊሄድ፣ እኔም ልነዳለት ተስማማን። የእኔ የመውጫ ቪዛ ብቻውን አራት ወር ፈጀ። የቀበሌ ደብዳቤ ስወስድ ማህተም ጎደለ ይሉኛል፤ ማህተም የሚመታው ሰው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው፤ ስብሰባው አያልቅም። እንደምመለስ አባቴ ዋስ ሆነው ፈረሙልኝ። ቪዛው እጄ የገባ ቀን መደሰቱ ቀርቶ እንቅልፍ ነው ያማረኝ።

ፈረንጆቹ በበኩላቸው ለሙከራ አንድ ሌሊት ካራቫኑ ውስጥ ግቢያቸው ላይ አደሩ። ዘበኛው ጋሽ በየነ ይህን የመሰለ ቪላ ትተው ምን ነክቷቸው ነው እያሉ ሲገረሙ ሰነበቱ።

እኔ የምኖረው ሃያ ሁለት ሰፈር ነበር። መሄዴ በሰፈሩ ሲሰማ ደጃፌ ላይ የሚቆመው ሰው በዛ። ያኔ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘውን ደግሞ ባዶ እጁን የሚሸኘው የለም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁሉም ለዘመዱ አድርስልኝ ይለኛል። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። እሺ፣ እሺ እያልኩ ተቀበልኩ።

መጨረሻ የመጡት እትዬ ከድጃ ናቸው፤ የሰፈራችን ባለ ሱቅ። አንድ ልጃቸው ንስሩ ከቀበሌ እስር አምልጦ በሞያሌ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ናይሮቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ እንደሚሠራ በቅርቡ ሰው ሹክ ብሏቸዋል። ደብዳቤ እንዳይልኩ ኬላ ላይ ቢያዝ ለእኔም ለእሳቸውም መዘዝ ነው። ስለዚህ ከአገራቸው ቆጮ አስመጥተው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው አመጡ። ሃያ ኪሎ ይሆናል።

«ደብዳቤ አያስፈልገውም» አሉኝ። «ይህን ሲያይ ከማን እንደሆነ ያውቃል።»

ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን አለቃዬ ካራቫኑ ይመዘን አለ። ላምበረት መንገድ ላይ አንድ የእህል መጋዘን ምድር ሚዛን ነበረው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጭቃውን እየረገጥን ወጥተን አየነው፤ ልኩን በብዙ አልፏል። አለቃዬ አልተቆጣም። ይህ ቤት ነው እንጂ የጭነት መኪና አይደለም፣ እንዲህ ከሄደ ባሌስትራው ይሰበራል፣ ከአንተ ዕቃ ቀንስ አለኝ።

ከሁሉም የሚከብደው ቆጮው ነበር። እርጥበቱ ፍራሹን አርሶታል፤ የአለቃዬ ሚስትም ከትናንት ጀምሮ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ደግ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሸክሞ ይመልስና አልቻልኩም ይላል። እኔ ግን ያን አራት ወር ሙሉ በየቢሮው ስለማመጥ ከርሜ፣ አንድ ተጨማሪ ሰው ፊት ለመቆም አቅም አጣሁ። ጋሽ በየነ ጋ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት ሃያ ሁለት ላይ ስናልፍ እትዬ ከድጃ መንገድ ዳር ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉ ነበር። እጄን አውለብልቤላቸው ነዳሁ።

ንስሩን ናይሮቢ በደረስኩ በሁለተኛው ቀን አገኘሁት። የእናቱን ሰላምታ ስነግረው ግራሶ የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ኋላዬ ተመለከተ፤ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው።

«ምንም አልላከችልኝም?»

«ምንም» አልኩት።

ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሻይ ጋበዘኝ።

በአውቶቡስ ስመለስ ጋሽ በየነ ቆጮውን ከቤተሰባቸው ጋር በልተውት ጠበቁኝ፤ ጥሩ ቆጮ ነበር አሉኝ። እትዬ ከድጃ ደረሰው ወይ ሲሉኝ ደርሶታል አልኩ። በላ? በላ። ከዚያ በኋላ ሳሙና ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ይጠይቁኛል፦ ብቻውን ነው ከጓደኞቹ ጋር? ቅቤ አግኝቷል? እኔም እየጨመርኩ እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻ ደከመኝና ሳሙና ከሩቅ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ። በራሴ አፍር ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ደብዳቤ መጻጻፍ ማስፈራቱ ቀረ። አንድ ቀን እትዬ ከድጃ አስጠሩኝ። ሰው አስጽፈው ለንስሩ ልከው ኖሯል፣ የቆጮውንም ነገር ጠይቀውታል፤ መልሱ መጥቷል። ያን ጊዜ አብረኸው የነበርከው አንተ ነህና አንብብልኝ አሉ። ፖስታውን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ በእሱ የላክሽልኝ ቆጮ እስካሁን ጣዕሙ ከአፌ አልጠፋም። ከጓደኞቼ ጋር ሦስት ቀን በላነው። አመስግኚልኝ።»

እትዬ ከድጃ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ድገምልኝ አሉ። በየቃሉ እየቆምኩ ደገምኩላቸው፤ ጽሕፈቱ አይነበብም ብዬ አመካኘሁ።

ይህን ሁሉ ለማህሌት ነገርኳት። እትዬ ከድጃ ካረፉ ቆይተዋል፤ ንስሩ ግን አርጅቶም እዚያው ናይሮቢ አለ። ትናንት ልትሰናበተኝ ስትመጣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ፊቷ አስቀመጥኩ።

«አራት ኪሎ ነው፣ አስመዝኜዋለሁ» አልኳት። «አልችልም ካልሽ አሁን፣ ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አየች፣ አንድ ነገርም ሰረዘች። ተጣጣፊ ወንበሮቹ ይቅሩ፣ መሬት ላይ እንቀመጣለን አለች።

ለንስሩ ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ተውኩት። ሲያየው ከማን እንደሆነ ያውቃል።