የሲስተር አልማዝን ስም የሰጠሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እዚህ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ስጠይቅ ሕይወቴን ከልጅነቴ ጀምሮ የጠየቁኝ ሰዎችም ይህን አልሰሙም። ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በምትባል ከተማ በምንሰበሰብባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ስለ ንስሐ ሲሰበክ አንገቴን ደፍቼ አሜን እላለሁ እንጂ አፌን አልከፍትም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ለማያውቁት ሰው መናገር ድፍረት እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የክልላችን ምክር ቤት የፍትሕ ቢሮ ኃላፊ አድርጎ መረጠኝ። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ቃለ መሐላ ስፈጽም ከልቤ ነበር የማልኩት። በሦስት ወር ውስጥ እንዲህ የሚሆን ልብ ግን ምን ዓይነት ልብ ነው?

በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ከመጡት መዝገቦች አንዱ የመምህር ታደሰ ነበር። የሒሳብ መምህር ነው። ከምርጫው በኋላ ረብሻ በተነሣበት ቀን የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት አቃጥሏል ተብሎ ታስሯል። ሁለት ምስክሮች ተቆጥረውበታል፤ የሁለቱም ቃል ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ተጽፎ የተሰጣቸው ቃል መሆኑን አላጣሁትም። እንዲህ ያለ መዝገብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አወቅኩ፤ አውቄም ከሌሎቹ ሥር ከተትኩት።

ኅዳር ላይ ለሰብአዊ መብት ስብሰባ ጄኔቫ ተላክሁ። እዚያ ቆሜ በክልላችን ያለ ማስረጃ የታሰረ ሰው የለም ብዬ ተናገርኩ። ስወጣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"አቶ ግርማ፣ የመምህር ታደሰ እህት ነኝ፤ ገነት እባላለሁ። ምሳ ብቻ እንዲበሉልኝ ነው" አለችኝ።

በትራም ካሩዥ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደችኝ። ልብስ ከምታስተካክልበት ሱቅ በላይ አንዲት ክፍል አላት። ምሳ አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አልበላችም። ወንድሟ በዚያን ቀን የታመመ ተማሪ ይዞ ጤና ጣቢያ እንደ ሄደ፣ እስኪመሽም ከአጠገቡ እንዳልተነሣ ነገረችኝ። ተረኛ የነበረችው ነርስ ሲስተር አልማዝ ናት፤ ከገነት ጋር አብረው ያደጉ፣ አንድ ዴስክ ላይ የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው።

"አልማዝ ትመሰክራለች። ግን ፈርታለች። ስሟን ለማንም እንዳላነሣ አስምላኛለች። ለእርስዎ የነገርኩዎት የሕግ ሰው ስለሆኑ ነው" አለች።

"በእኔ ይሁን፤ ስሟ ከአፌ አይወጣም" አልኳት።

በተመለስኩ በአራተኛው ቀን የጸጥታ ኃላፊው ቢሮዬ መጣ። ስለ ጉዞዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ብርዱ ተሳሳቅን። ከዚያ፣ "የመምህሩ ክስ ምነው ዘገየ?" አለኝ። በማስረጃ አይቆምም ማለት እችል ነበር። ይህን ለማለት ነበር የተመረጥኩት።

"መከላከያ ምስክር አለው፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አልማዝ የምትባል ነርስ" አልኩት።

ስም አልጠየቀኝም። አላስፈራራኝም። እኔ ነኝ አውጥቼ የሰጠሁት። ለምን? የእነሱ ሰው መሆኔን እንዲያውቅ ፈልጌ ነው። ወንበሩ ገና አዲስ ነበር፤ እኔም ወድጄው ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

አልማዝን ሦስት ሳምንት አሰሯት። ስትወጣ በዚያን ቀን ታደሰን አላየሁም ብላ ፈርማ ነበር። እኔም ክሱ ላይ ፈረምኩ። ተፈረደበት።

ከፍርዱ በኋላ አልማዝ ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ጠቁራ፣ ከስታ ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ስሜን ማን ሰጠብኝ? ያወቀችው ገነት ብቻ ናት።"

ዝም ማለት እችል ነበር። አላውቅም ማለትም ይቻል ነበር።

"ውጭ ያሉ ሰዎች አፋቸውን አይጠብቁም" አልኳት።

ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። "እህቴ ነበረች" ብላ ወጣች። ያን ቀን ሰው አልገደልኩም፣ ማንንም አላሰርኩም። ከሠራሁት ሁሉ ግን አጥንቴ ድረስ የምትዘልቀው ያቺ ስለ ገነት የተናገርኳት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ከዓመታት በኋላ ላስደስታቸው የደከምኩላቸው ሰዎች እኔኑ ጠመዱኝና ሸሸሁ። ዛሬ ዙሪክ ውስጥ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ። በዚህ አላማርርም፤ ቅጣቴ ነው ብዬም ራሴን አላጽናናም። ሥራ ነው።

ባለፈው በጋ ከጄኔቫ የመጡ ምእመናን ቤተ ክርስቲያናችንን ጎበኙ። ገነት አብራቸው ነበረች። አይታ ለየችኝ፤ ክሱ ላይ መፈረሜን ግን አልሰማችም ነበር። ተነሥታም፣ "ወንድሜ ታስሮ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ቤቴ ድረስ መጥተው ያዳመጡኝ እኚህ ሰው ናቸው" ብላ ለጉባኤው መሰከረች። ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። እኔም አስጨበጥኩ።

ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋት። ታደሰ ስድስት ዓመት ታስሮ መውጣቱን ነገረችኝ። አሁን አያስተምርም፤ ልጆች ሲንጫጩ ተነሥቶ ይወጣል አለችኝ።

"ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን የአልማዝ ነገር ነው" አለች። "እናቷ ሲሞቱ ደወልኩ፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም። ወንድም ግርማ፣ እርስዎን ትሰማዎታለች። ይደውሉላትና ጥፋቴን ይጠይቁልኝ።"

ባቡሩ መጣ። የአልማዝን ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችኝና ተሳፈረች።

አልደወልኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሷ ደወለች።

"ቁጥሩ አይሠራም" አልኳት።

"እሺ። ስለ ድካምዎ ጌታ ይባርክዎ።"

ያኔ የማጣው ወንበር ነበረኝ። ዛሬስ ምን አለኝ? ማን ያስረኛል? ማን ይሽረኛል? በዚህ ምድር ላይ ደግ ሰው ነው የምትለኝ አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ላለማጣት ስል እንደገና ሸጥኳት። እንግዲህ ፈርቼ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ አዝዘውኝ ነው ልበላችሁ? ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አልማዝ በሕይወት አለች። ገነትም አለች። ሁለቱም ስልክ አላቸው፤ ቁጥራቸውም እኔ ዘንድ አለ። እኔ ግን ይህን ለእናንተ እጽፋለሁ።