በሩ የመሰከረባት ሴት

የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ «ግትሯ» ይላታል፤ እሷም ሲጠሯት አቤት ትላለች። የመድኃኒት መጋዘን ታጸዳለች። በሩ ቁልፍ የለውም፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ካርድ ጠጋ ስታደርግለት ጢጥ ብሎ ይከፈታል። ካርዷን እሑድም አታወልቅም።

አንድ እሑድ ከመጋዘኑ መድኃኒት ጠፋ። የገባ የወጣውን የሚመዘግበው የበሩ ማሽን የከፈተኝ የእሷ ካርድ ነው አለ። እሷ ግን እኔ ቤት ነበረች፤ ልጄ የካርዱን ገመድ ሲያኝክ ነው የዋለው። ብናገር ማን ይሰማኛል? ዘመድ ነኝ። የመጋዘኑ ኃላፊ ካርድ አይዋሽም ብሎ፣ በፈቃዷ ሥራ ለቀቀች የሚል ወረቀት ላይ ብትፈርም ነገሩ ተዳፍኖ እንደሚቀር ነገራት።

«ሳልሰርቅ እንደ ሌባ ሹልክ ብዬ አልወጣም» ብላው ተነሣች።

ልጄን አዝዬ አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ካርዴ አንገቴ ላይ እያለ በሩ ከተከፈተ፣ ሰው ገልብጦ መንታውን ሠርቶብኛል ብላ አመለከተች። መርማሪው የእኔ እኩያ ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ግን ግራ ገባው። ካርዱ እጅዎ ላይ እያለ ምን ተሰረቁ ተብሎ ይጻፋል አላት። ሕጉ ኮምፒውተር ሰብሮ ስለሚገባ ይናገራል እንጂ፣ በአጠገብ አልፎ ካርድ ስለሚቀዳ ሰው የሚል አንቀጽ አላየሁም አለ።

ብድግ ብላ ወጣች። ከጣቢያው ፊት ለፊት ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ አለ፤ የአፓርታማ በር ካርድም ይገለብጣል። የልጄን አፍንጫ ጠርጌ ቀና ከማለቴ መንታ ካርድ ይዛ ተመለሰች፤ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገቻቸው።

«ወንድሜ፣ ደጃፍህ ላይ አስገለበጥኩት። ወንጀል ነው?»

«እትዬ፣ የራስዎን በፈቃድዎ ነው ያስገለበጡት። ምኑ ነው ወንጀሉ?»

«ያኛው ያለፈቃዴ ነው። ልዩነቱን አንተው ነገርከኝ፤ እሱን ጻፈው።»

መርማሪው ሳቁ አመለጠው። ዐቃቤ ሕጓ ጋ ደወለ። ዐቃቤ ሕጓም ሕጉ ካርዱን በስም ባይጠራውም፣ ያለፈቃድ መረጃ መቅዳት የሚለው ስለሚይዘው መዝገቡ ይከፈት አለች።

በማግስቱ ግትሯ የአቤቱታዋን ቅጂ ይዛ ሥራ ገባች። ኃላፊው ያንን የሥራ መልቀቂያ ወረቀት ደግሞ አላነሣውም። በተገለበጠው ፋንታ አዲስ ካርድ ሊሰጣት ሲል ግን፣ ይሄም እስኪገለበጥ ነው ብላ መለሰችለት። ሌባው ገና አልተያዘም። እስከዚያ በየጠዋቱ ዘበኛው ከውስጥ ይከፍትላታል።

«ማን ነሽ?» ይላታል ሊያሾፍባት።

«ግትሯ» ብላው ትገባለች።