የዋርፋ ጆሮና የእሁዱ ታምቡር

በርሜል ቀጥቃጩ ዋርፋ ጆሮ ጠቢ ነው ተባለ። ማን አለ? እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ «ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ የዋህ በሰፈራችን አልነበረም። የጠየቀ እንደሆነ «እሱስ ለምን ጠየቀ?» ተብሎ ሁለተኛ ወሬ ይወለዳል። ብቻ ተባለ። ወሬው ባጂያ ጠብሳ ከምትሸጠው ከጎረቤታችን ከተሻለች መጥበሻ ተነስቶ፣ በቦኖው ውሃ ወረፋ በኩል አድርጎ፣ ልብስ ሰፊው ሣህሉ በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ።

ማስረጃ ጠፍቶ አይደለም። ዋርፋ ሰው ሲያወራ ዓይኑን አያይም፤ አፉን ነው የሚያየው። ዝግ ብለህ ካወራህ ይጠጋሃል፣ አንገቱን ሰበር ያደርግና ጆሮውን አፍህ ውስጥ ሊከተው ይደርሳል። ከዚያ «ምን አልክ? እስቲ ድገመው» ይልሃል። እስቲ ፍረዱ! በሰባ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ የአብዮቱ አሥረኛ በዓል እየተቃረበ፣ ስለ ስኳር መጥፋት አንዲት ነገር ተንፍሰህ «ድገመው» ብትባል ትደግመዋለህ? ስሙስ ቢሆን! ሱማልኛ የሚያውቁቱ «ዋር ማለት ወሬ ነው» አሉ። ወሬን ስሙ ላይ ለጥፎ የሚዞር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመስክርበት?

የቀረችውን ጥርጣሬ ራሱ ዋርፋ ጨረሳት። ቅዳሜ ከሰዓት በየበሩ እየዞረ «ነገ ጠዋት ማርሽ አለ፣ ውጡ» ማለት ጀመረ።

«የምን ማርሽ?» አለችው ተሻለች መጀመሪያ ቀን። «መኪና አለኝ እንዴ?»

«የሰው ማርሽ! ታምቡር! ደቻቱ አሸዋው ላይ። ነይ ብቻ፣ ወላሂ ትወጂዋለሽ።»

በዚያ ዘመን «ውጡ» የሚል ሰው በር ካንኳኳ፣ ሰው የሚጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነው። ትወደዋለህ የተባልክ እንደሆነ ደግሞ ትወደዋለህ።

እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ዋርፋ የሰው ጆሮ ሊጠባ ቀርቶ የራሱንም መዶሻው ጠብቶ ጨርሶበታል። ከልጅነቱ ጀምሮ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለች የቆርቆሮ ዳሱ ባዶ በርሜል እየሰነጠቀ ምድጃ፣ ገንዳ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ይሠራል። የበርሜል ሆዱን ሲያስተካክል ጭንቅላቱን እዚያው ውስጥ ከቶ ነው የሚቀጠቅጠው። እኛ በመንገድ ስናልፍ እንኳ ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። እንግዲህ ጎልማሳ ሲሆን ግማሽ ጆሮ ቀረችው። ጮክ ብለህ ብታናግረው ይሰማሃል፤ ዝግ ካልክ ከከንፈርህ ላይ ይለቅማል። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሃዎ ብቻ ነበረች። ለሌላ ሰው መናገር አፈረ። አማርኛችን ለዚህ ክፉ ነው፤ ጆሮው የማይሰማውንም፣ ጭንቅላቱ የማይገባውንም በአንድ ስም ደንቆሮ ብሎ ይጠራቸዋል። ዋርፋ አንደኛውን ብናገር ሁለተኛውን ይሰጡኛል ብሎ ፈራ።

ታምቡሩን ያገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ባዶ በርሜል በጋሪ ጭኖ በደረቁ ደቻቱ አሸዋ ሲያቋርጥ፣ የወጣቶቹ ማርሽ ባንድ ለበዓሉ ይለማመዳል። ፊት ፊት ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ዱላውን እያወናጨፈ ወደ ኋላ ይራመዳል፤ ከኋላው ትናንሽ ታምቡሮች በተርታ፣ ከእነሱ ኋላ የተሸካሚውን ፊት የሚሸፍን ትልቁ ታምቡር። ዋርፋ እጁን በርሜሉ ላይ ደግፎ ነበርና ባንዱ በአጠገቡ ሲያልፍ በርሜሉ እጁ ሥር ዘፈነ። ከበርሜሉ ወደ መዳፉ፣ ከመዳፉ ወደ ክንዱ፣ ከክንዱ ወደ ደረቱ ገባ። ሃዎ ኋላ እንደነገረችን፣ ጋሪውን እዚያው ጥሎ ቤቱ እየሮጠ መጣ።

«ሃዎ፣ ሰማሁ!»

«ምን ሰማህ?»

«ሁሉንም!»

ከዚያ ወዲህ የዋርፋ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ። ጆሮው ጨርሶ ሳይዘጋ፣ ከሚወዳቸው ሰዎች ጋር ቆሞ አንድ ነገር እኩል መስማት። በረንዳው ላይ ሁሉም ሲስቅ እሱ ዘግይቶ ነው የሚስቀው፤ ቀልዱ ሳይሆን የሰው ጥርስ ነው የሚያስቀው። እነሱ የሚሰሙትን እሱ መስማት ካቃተው፣ እሱ የሚሰማውን እነሱ ይስሙለት። በር ያንኳኳው ለዚህ ነበር፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ሰፈሩም ወጣ። ሣህሉ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ተሻለች የቀበሌ መታወቂያዋን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ሌላውም እንደየፍርሃቱ። አሸዋው ላይ እንደ ስብሰባ በተርታ ቆሙ። ታምቡሩ ሲጀምር ዋርፋ ደስታው ፊቱ ላይ በራ፤ ምቱን በከንፈሩ «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያለ ዞር ዞር ብሎ ወዳጆቹን ያያል።

«እየቆጠረን ነው» አለች ተሻለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ዋርፋ ምቱ ሲሞቅ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከኋላው የቆመው ሰፈር በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። እሱ ሲያወርድ አወረዱ። እሱ ሲያጨበጭብ አጨበጨቡ፤ እሱ ካላቆመ የሚያቆም አልነበረም። ሃምሳ አለቃው ዱላውን እንደያዘ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተመልካች አይቶ እንደማያውቅ በሚመስል ዓይን አያቸው። ዋርፋም ቤቱ ሲገባ «ሃዎ፣ ወደዱት! ከእኔ በላይ ወደዱት!» አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜም በር አንኳኳ፤ በሚቀጥለውም። ሃዎ ራሷ ግን አልወጣችም፤ «ከቀበሌ ነገር አላህ ያርቀኝ» ብላ ቤቷ ቀረች።

ታምቡሩ በደመቀ ቁጥር የሣህሉ በረንዳ ቀዘቀዘ። የበርጫ ሰዓት ደርሶ ዋርፋ ጫቱን በእጁ ይዞ ብቅ ሲል፣ ጨዋታው ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ጨርሶ ዝም ቢሉ ያስጠረጥራላ! ስለዚህ «ሙቀቱ»፣ «ጫቱ»፣ «አዎ ሙቀቱ» እያሉ በትንፋሽ ይነጋገራሉ። ዋርፋ ከንፈሮች ሲንቀሳቀሱ ያያል፤ ድምፅ ግን የለም። በወዲያኛው ወር የነበረችው ትንሿ ድምፅ እንኳ የለችም። ይጠጋል፤ እነሱ ይብሱን ዝቅ ያደርጋሉ። «ድገመው» ይላል፤ የተጠየቀው ሰው ሽንት ቤት ይሄዳል።

ዋርፋ ስለ ሰው ክፉ ማሰብ አልለመደም። ስለ ጆሮው ግን ለምዷል። ጆሮዬ አለቀች አለ።

በዚሁ ሰሞን ነው ሃዎና ተሻለች ቦኖው ላይ የተገናኙት።

«ተሻለች፣ ምን አደረግኩሽ አቦ?» አለች ሃዎ። «ሰላም ስልሽ ጀሪካኑን ነው የምታዪው። ጀሪካኑ ነው ወይ ሰላም ያለሽ?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ። ባልሽን ጠይቂው፤ እሱ ሁሉን ይሰማል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይሰማል! ምን ታስደግሚኛለሽ፤ ከእሱ ተማርሽ እንዴ? አገር ያወቀውን። ባልሽ ጆሮ ነው!»

ሃዎ የጀሪካኗን ጆሮ ለቀቀች። ሳቀች። እንደሳቀች እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ዋርፋ? የእኔው ዋርፋ? ወላሂ ተሻለች፣ ጆሮ ከሆነ ለእኔም ንገሪልኝ! እቤት ውስጥ ስጠራው 'አቤት' የሚለኝ ጎረቤት ነው!»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሃዎ ግን ሳቋ መሃል ላይ ተበጠሰ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«ከእናንተ በረንዳ በመጣ ቁጥር እራቱን አይበላም። 'አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፤ ጨረስኩ ሃዎ' ይለኛል። ያንን ታምቡር አብረን እንስማው ብሎ በር ለበር መለመኑ ምን ክፋት አለው? ትንሽ ጮክ ብላችሁ ብታወሩለት ምን ነበረበት?»

ተሻለች ጎንበስ ብላ የሃዎን ጀሪካን አነሳችና ከራሷ ፊት አስቀመጠችው። ተሻለች ወረፋ ስትለቅ ያየ ሰው አብዮቱ እንደገና የፈነዳ ነው የመሰለው። ጀሪካኑ ሳይሞላ ነገሩ ሣህሉ በረንዳ ደርሷል።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ዋርፋ በር አላንኳኳም። ታምቡሩም እንደ ወዳጆቼ ድምፅ ሲጠፋብኝ ከማይ፣ እየሰማሁት ልተወው ብሎ ቆርጧል። እሁድ ጠዋት ግን የእሱ በር ተንኳኳ፤ ማንኳኳት ሳይሆን ተደበደበ። ሣህሉ ነው፤ ከኋላው ሰፈሩ።

«ዋርፋ! ማርሽ እንሂድ!»

«ምን አልክ? ድገመው።»

ሣህሉ አየር ሳበ። «ማርሽ እንሂድ ነው ያልኩህ!» ብሎ ባቡር ጣቢያው ለገሃር ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። በዚያ ዘመን ድገም ተብሎ የደገመ የመጀመሪያው ሰው ሣህሉ ሳይሆን አይቀርም።

ዋርፋ እሺ ለማለት ጊዜ አላጠፋም። ዳሱ ውስጥ ያለውን ትልቁን ባዶ በርሜል እያንከባለለ አሸዋው ላይ አወረደና አቆመው። ሃዎም ያን ቀን መጥታለች። የእሷን እጅ ይዞ መዳፏን በርሜሉ ላይ ለጠፈ፤ የሣህሉን፣ የተሻለችን፣ የሁሉንም እንዲሁ። ባንዱ ከታች እየመጣ ነው። ትናንሾቹ ታምቡሮች ሲቀርቡ በርሜሉ ማጉረምረም ጀመረ፤ ትልቁ ታምቡር ሲደርስ ጮኸ።

«ኧረ አቦ!» አለች ተሻለች ሆዷን ይዛ። «ልጅ የረገጠኝ መሰለኝ!»

«ዝም በይና ስሚ» አለ ሣህሉ፤ እጁን ግን ከበርሜሉ አላነሳም።

ሃዎ ባሏን አየችው፤ ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ ራሷን ነቀነቀችለት። ዋርፋም ያን ጠዋት የማንንም አፍ አላየም። በርሜሉ ላይ የተደረደሩትን መዳፎች ነበር የሚያየው፣ እንደ ዓሣ አንድ ላይ የሚንቀጠቀጡትን። ተሻለች በልማድ ግራ እጇን ልታነሳ ስትል ሣህሉ ጎትቶ ወደ በርሜሉ መለሰው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ የነበረውን ጫጫታ አትጠይቁኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ሣህሉ ስለ ሸሚዝ ክር ሲያወራ የጦርነት አዋጅ ይመስላል። አንዱ ተሳስቶ ስለ ስኳሩም ጮኸ፤ «ኧረ እሱን ቀስ!» ተብሎ በትራስ ተመታ። ዋርፋ ከቀልዱ ጋር እኩል ሳቀ፤ በጥርስ ሳይሆን በጆሮው። ጫቱን እየቀነጠሰ አንድ በአንድ ሲያየን ቆየና፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አንዲት ነገር ጠየቀ። ሣህሉ ወደ መቀሱ ዞረ፣ ተሻለችም ባጂያዋ የሚያርርባት መሰላትና ተነሳች።

«እኔ'ኮ የጠፋው ጆሮዬ መስሎኝ ነበር። ለካ ድምፃችሁ ነው። የት ሄዶ ነበር?»