ከመስታወቷ ላይ የጠፋችው ፀሐይ

መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ የማይክሮስኮፑን አምፖል አንስቼ በቦታው መስታወት እገጥማለሁ፤ መስታወቷ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች። ፀሐይ በቀጥታ ስትገባ ግን ዓይን ስለምታጥበረብር ነጭ ስስ መጋረጃ እጋርዳለሁ።

አንድ ቀን ወባ ሳይዛቸው አይቀርም የተባሉ ቄስ ከሐርቡ መጡ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣቸዋል። መስኮቱ ሥር ደማቸውን ወሰድኩና ውጭ ጥላ ፈልገው እንዲጠብቁኝ ነግሬ፣ የሁለቱንም መስኮቶች መጋረጃ ጋርጄ ቁጭ አልኩ። ገና ማየት ስጀምር ብርሃኑ ድርግም አለ። ደመና ነው ብዬ ጠበቅሁ። መስታወቷን አዞርኳት፣ ወለወልኳት፤ ምንም የለም። ጠረጴዛውን እየጎተትኩ ወደ ሌላኛው መስኮት ሄድኩ። እዚያ ፏ ብሎ በርቷል። ተመስገን ብዬ ዓይኔን ሳስጠጋ እሱም ጨለመ። ዞር ብዬ ባይ የመጀመሪያው መስኮት ቦግ ብሏል። ወደዚያ ጎትቼ ስመለስ ደግሞ ይጠፋል። ግራ ገባኝ። ዓይኔን አንድ ነገር ነክቶኝ ይሆን ብዬም ፈራሁ።

በመጨረሻ መጋረጃውን ገለጥኩት። ቄሱ ጥቁር ጃንጥላቸውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው፣ ራሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው በላብ ተጠምቀዋል።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ቅድም ደሜን ስትወስድ ፀሐይዋ ፊትህን ስትለበልብህ አይቼ አሳዘንከኝ» አሉ እየተንቀጠቀጡ። «ጠረጴዛህን ስትጎትት እየሰማሁ ተከተልኩህ። ግን ልጄ፣ ምን ብትበድላት ነው እንዲህ የምታሳድድህ?»